የሙሽራ ቀሚስ በልክ ስለ ማሠራት

በላይ ጋይንት ወረዳ ርእሰ ከተማ በንፋስ መውጫ፥ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያለው ወራት የሠርግ ወራት ነው። እህሉ ከአውድማ ገብቶ፥ ገበሬውም ከሥራው ጥቂት የሚያርፍበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ልጅ የሚድርና ልጅ የሚያጋባ ሁሉ ቀኑን ከዚሁ ውስጥ ይቆርጣል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄደው፥ ቻይናዎች የሠሩት ታላቁ መንገድ ከተማይቱን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፥ በመንገዱ ዳር ያሉ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ከማለዳ ጀምረው ሲያንቀሳቅሱ ይውላሉ። ጠላው ይጠመቃል፤ ዳሱ ይጣላል፤ ሰንጋው ይጎተታል። ከዚህ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ግን የሙሽራይቱ ቀሚስ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው፤ ወጡ በዕለቱ ተበልቶ ያልቃልና፥ ዳሱም በማግሥቱ ይፈርሳልና፥ ቀሚሱ ግን በሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ንፋስ መውጫ ስሟ እንደሚመሰክረው ነፋስ የማያርፍባት ደጋ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ በአጠገቧ የሚበቅለው ገብስና ድንች፥ የሚረባውም በግ ነው እንጂ ጥጥ የለም። ስለዚህ የአገሩ ሰው ዘወትር የሚደርበው ለብርዱ የሚስማማውን ወፍራም ጋቢና ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባና ሲሆን፥ ለሠርግ ቀን ግን ነጩን የጥጥ ሸማ ከሩቅ አምጥቶ ይለብሳል። በራስ አገር የማይበቅለውን ነገር ለከበረው ቀን መምረጥ በብዙ ሕዝብ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ዕጣኑንም ቢሆን የደጋው ቤተ ክርስቲያን ከቆላ ነው የሚያስመጣው።

ጥጡ ከቆላ ተገዝቶ በመጣ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ የሴቶች ነው። ፍሬውን ከጥጡ በመዳመጫ ይለያሉ፤ የተዳመጠውን በደጋን ይነድፋሉ፤ ባዘቶውን እየጠቀለሉ አመልማሎ ያደርጋሉ፤ ከዚያ በኋላ በእንዝርት ይፈትላሉ። ፈትሉም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ድር የሚሆነው ክር የሸማኔውን ጉተታ እንዲችል ከረር ማለት አለበት፤ ማግ የሚሆነው ግን ልብሱን ለስላሳ እንዲያደርገው ላላ ብሎ ይፈተላል። ቀጭን አድርጋ ሳይበጠስባት የምትፈትለውን ሴት ጎረቤቷ ሁሉ ባለሙያ ይላታል። ይህ ባለሙያ የሚለው ቃል ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ ለሐኪምም ለመሐንዲስም የሚጻፍ ሆኗል፤ ነገር ግን እንዝርት ይዛ ለተቀመጠችው ሴት ሲነገር የኖረ ስለ ሆነ፥ በዚያም ቦታው የሚያንስ ክብር የለውም።

ለአንድ ቀሚስ የሚበቃ ፈትል የወራት ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት እናት ለልጇ ሠርግ መፍተል የምትጀምረው ሽማግሌ ከመላኩ አስቀድማ ነበር። አሁን ግን ብዙው ሰው ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርገዋል፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ የፋብሪካ ክር ወደዚህ አገር መቅረቡ ሥራውን አቃልሎታል። ድሩ ከፋብሪካ፥ ማጉ ከእናት እጅ ሲሆን ልብሱ ይጠነክራል፤ ሥራውም ይፈጥናል። ይህን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ሰዎች ቢኖሩም፥ የፈታይዋን ድካም ያላዩ ሰዎች ካልሆኑ በቀር ነቀፋቸው ብዙ የሚደመጥ አይደለም።

ቀጥሎ ነገሩ ወደ ሸማኔው ይደርሳል። ሸማኔው ድሩን ካደራ በኋላ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፥ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ፥ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከቀኝ ወደ ግራ ይሰድዳል። መወርወሪያውን በአንድ እጁ ሰድዶ በሌላው እጁ የሚቀበለው እሱ ራሱ ስለ ሆነ፥ የአገር ሸማ ስፋት የአንድ ሰው ክንድ ከሚደርስበት አያልፍም። ቀሚስ የሚሆነውም ይህ ጠባብ ሸማ እየተጋጠመ ሲሰፋ ነው። እንግዲህ የሙሽራን ቀሚስ በልክ ማሠራት ከሱቅ ጨርቅ አስቆርጦ ከማሰፋት የሚለይበት ቁም ነገር እዚህ ላይ ይገኛል፤ ይኸውም ጥለቱ በኋላ የሚለጠፍ ሳይሆን ከሸማው ጋራ አብሮ የሚሸመን በመሆኑ፥ በታችኛው ዘርፍ ስንት ጣት፥ በእጅጌው ስንት ጣት፥ በደረቱ ላይስ ከየት እስከ የት እንደሚወርድ ድሩ ከመደራቱ በፊት መታወቅ አለበት። የሙሽራይቱ ቁመት አስቀድሞ ካልተለካ ጥለቱ ከጉልበት በላይ ይቀራል፥ ወይም ከእግር በታች ይጎተታል። ልብስ ሰፊ ሲሳሳት መፍታትና መልሶ መስፋት ይችላል፤ ሸማኔ ከተሳሳተ ግን የሦስት ሳምንት ሥራ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ንድፉ በመቀስ ሳይሆን በሸማ ዕቃው ላይ ይጀመራል ማለት ነው።

በዛሬው አጠራር ዲዛይነር የሚባለው የልብስ ንድፍ አዋቂ ሥራውም ይኸው ነው። አንዳንድ ሰው ዲዛይነር ማለት ለሀብታም ልጆች ጌጥ የሚፈጥር ሰው ይመስለዋል። ነገር ግን የሙሽራይቱን ቁመትና ትከሻ ለክቶ፥ የመልኳን ቀለም አይቶ፥ የጥለቱን ልክ ወስኖ ለሸማኔው የሚነግር፥ ሸማው ሲመጣም ቀድዶ የሚያሰፋ ሰው ቢኖር፥ በአዲስ አበባ ታላቅ ሱቅ ይኑረው ወይም በንፋስ መውጫ መንገድ ዳር አንዲት መኪና ይዞ ይቀመጥ፥ የሙያው ስም አንድ ነው። ልዩነቱ በስሙ ሳይሆን በልኩ ጥንቃቄ ላይ ነው።

ከተማ የገባው ልማድ የሙሽራይቱን ልብስ ሁለት አድርጎታል። በሠርጉ ዕለት ቬሎ፥ በመልሱ ዕለት የአገር ልብስ መልበስ በብዙ ቦታ ተለምዷል። ቬሎ የሚለው ቃል ከጣልያን ቋንቋ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ የሙሽራ ዓይነ ርግብ ማለት ነው፤ እኛ ግን ለቀሚሱ ሁሉ መጠሪያ አደረግነው። ብዙዎቹም ቬሎውን በኪራይ ይለብሱታል፤ ለአንድ ቀን ሊለብሱት ብዙ ገንዘብ ከማፍሰስ መከራየት የሚሻል መሆኑን መካድ አይቻልም። የሆነ ሆኖ የተከራየ ቀሚስ ለሌላ ሴት ገላ የተሰፋ ነውና በመርፌ ቁልፍ ተይዞ፥ ከኋላ ተጠብቦ ይለበሳል፤ ሙሽራይቱም ቀኑን ሙሉ እንዳይወልቅባት ስትጨነቅ ትውላለች። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል የሚፈጸምላቸው ሙሽሮች ካባ ደርበው አክሊል ስለሚደፉ፥ ከካባው ሥር የሚለበሰው ቀሚስ ትከሻው ያልተነፋና ያልተዝረከረከ ሲሆን የካህኑም ሥራ ይቀላል፤ ይህን በብዙ ሠርግ ላይ የቆሙ ካህናት ያውቁታል።

ስለዚህ ነገር ሲነሣ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ታሪክ መነገር የሚገባው ነው። ወይዘሮ አምሳለ አበራ በአዲስ አበባ ያደጉ ሲሆኑ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው ሳሉ በ1966 ዓ.ም. በአገራቸው አብዮት ስለ ፈነዳ፥ በሰው አገር ራሳቸውን ችለው መኖር ግድ ሆነባቸው። ልብስ መግዣ ገንዘብ ስላልተረፋቸው የሚለብሱትን ራሳቸው እየቀደዱ መስፋት ጀመሩ፤ ችግር ያስጀመራቸውንም ሥራ በኋላ በኒው ዮርክ ፋሽን ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ገብተው በትምህርት አጸኑት። በ1977 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985) ለማግባት ሲሰናዱ በየሱቁ ዞረው የሙሽራ ቀሚስ ፈለጉ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የሚሸጠው ሁሉ እጅጌው የተነፋ፥ ዳንቴሉና ዶቃው የበዛ ነበር። እሳቸው የፈለጉት ግን ጨርቁና ስፌቱ ብቻ የሚታይበትን፥ ጌጥ ያልበዛበትን ቀሚስ ነበርና ስላጡት ለራሳቸው ሠሩት። ከዚያም ይህን ዓይነት ቀሚስ የምትፈልግ ሌላ ሙሽራ ሳትኖር አትቀርም ብለው ማስታወቂያ አወጡ፤ በሚኖሩበትም ቤት ውስጥ ለእያንዳንዷ ሙሽራ በልኳ መስፋት ጀመሩ። ያ ሥራ እያደገ ሄዶ በኒው ዮርክ በማዲሰን ጎዳና በስማቸው የሚጠራ ሱቅ ለመክፈት አበቃቸው፤ ስማቸውም በሙሽራ ልብስ ሥራ በዓለም ታወቀ። መጋቢት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው አርፈዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚደነቀው ሱቁ አይደለም። አንዲት ሴት የምትፈልገውን አጥርታ ማወቋ፥ በገበያ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ያን ለመልበስ አለመገደዷ ነው። ነጭን ልብስ ጥቂት ጥለት ብቻ አድርጎ ማክበር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለምና፥ አሜሪካኖች እንደ አዲስ ነገር ያደነቁትን ንጹሕነት የጋይንት ባልቴት ብታየው ምን አዲስ ነገር አለው ብላ ትጠይቅ ይሆናል።

ሙሽራ ነጭ መልበሷ በአውሮፓም ቢሆን እጅግ የቆየ ልማድ አይደለም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1832 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1840) ስታገባ ነጭ ሐር ከለበሰች በኋላ ነው ልማዱ በሰፊው የተዛመተው። በዚያ ጊዜ የእንግሊዝ የእጅ ዳንቴል ሠራተኞች በመኪና ሥራ ምክንያት እንጀራቸው እየተቋረጠ ነበርና፥ ንግሥቲቱ ከባሕር ማዶ የመጣውን ትታ በገዛ አገሯ በሆኒተን አካባቢ ሴቶች በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አስደረገች፤ ቀሚሱም ለሠራተኞቹ እንጀራ ሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላ በኅዳር 1940 ዓ.ም. ልዕልት ኤልሳቤጥ ስታገባ፥ አገሯ ከታላቁ ጦርነት ገና አላገገመምና ጨርቅ በኩፖን ይታደል ነበር። ለልዕልቲቱ 200 ትርፍ ኩፖን ተሰጣት፤ ኖርማን ሃርትኔል የተባለው የልብስ ንድፍ አዋቂም ቀሚሷን ሠራ። ብዙ ሴቶች ከራሳቸው ኩፖን ቀንሰው በፖስታ ላኩላት፤ ነገር ግን የራስን ኩፖን ለሌላ መስጠት በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ ሁሉም ለላኪዎቹ ተመለሰ። ለንጉሥ ልጅ እንኳ ሕጉ ያልተጣሰ መሆኑ ለባለሥልጣኖች የሚታሰብ ነገር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ሸማውን ያከበረ ሕዝብ ሸማኔውን አላከበረም። ካህኑ በነጠላው ተሸፍኖ ይቀድሳል፤ መኳንንቱ በኩታቸው ያጌጡ ነበር፤ ሙሽራይቱም በቀሚሷ ትከበራለች፤ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሸመነው ሰው ግን ልጁን ለጎረቤቱ ልጅ ለመዳር ይቸገር ነበር። በጎንደር አገር የሽመና ሥራ በብዙው በሙስሊሞችና በቤተ እስራኤል እጅ ሲሠራ የኖረ ሲሆን፥ ሠራተኛው በሥራውም በሃይማኖቱም ይናቅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው። ከንፋስ መውጫ ብዙ በማይርቀው በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩ የእጅ ሥራን ከፍ አድርገው ነበር። የእጅ ሥራ መድፍ ሲሆን የሚከበር፥ ቀሚስ ሲሆን የሚናቅ ከሆነ ፍርዱ ትክክል አይደለም።

ካህናቱ ይህን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ የለባቸውም። በዚሁ በጋይንት ምድር የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተ ልሔም ትገኛለች። ወደዚያች የሚመጣ ደቀ መዝሙር ድጓውን በብራና ላይ በገዛ እጁ ጽፎ፥ ምልክቱን በቀለም አስተካክሎ፥ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይመረመራል። አንዲት ምልክት ብትዛነፍ ዜማው ይዛነፋልና ይታረማል። ብራና የዳመጠና ቀለም የበጠበጠ ሰው የእጅ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ መሆኑን ሁሉም የሚያነበው ነው። በሠርግ ዕለት መምህሩ ሲባርኩ የሸመነውንና የሰፋውን እጅ አንድ ጊዜ ቢያነሡት፥ ከአንድ አዋጅ የበለጠ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

አሁን በገበያ ላይ የተነሣው ሌላ ነገር አለ። የጥለት መልክ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከባሕር ማዶ እየመጣ የአገር ልብስ ተብሎ ይሸጣል። ከሩቅ ሲያዩት ሸማ ይመስላል፤ ዋጋውም ሸማኔው ከሚጠይቀው በብዙ ያነሰ ነው። ገንዘብ የሌላት ሴት እሱን ብትለብስ ማንም ሊወቅሳት አይገባም፤ ብርድም ዕርቃንም በኩራት አይሸፈንምና። በደሉ ያለው ነጋዴው የፋብሪካውን ጨርቅ ፈትል ነው ብሎ በፈትል ዋጋ ሲሸጥ ነው። በዚያን ጊዜ ገዢዋ ትታለላለች፤ ሸማኔውም ባልሠራው ሥራ ይታማል፤ ጥለቱ በሁለተኛው እጥበት ሲደበዝዝ የአገር ልብስ ከንቱ ነው ተብሎ ይነገራልና።

ይህን ለመለየት ብዙ ብልሃት አያሻም። በእጅ የተሸመነ ጥለት ከጀርባው ሲያዩት ክሩ ሲገባና ሲወጣ ይታያል፤ የታተመው ግን በፊቱ ደምቆ በጀርባው ፈዝዞ ይገኛል። ከጫፉ አንዲት ክር መዝዘው እሳት ቢያስነኳት፥ ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ነድዳ አመድ ትሆናለች፤ ሰው ሠራሽ ከሆነች ግን ቀልጣ ትጓጉልና እንደ ዶቃ ትጠነክራለች። የንግድ ሹማምንት ሚዛንና መስፈሪያ እንደሚመረምሩ ሁሉ፥ በሠርግ ወራት ጥቂት ቀን ወደ ጨርቅ ተራ ወርደው ሻጩ የሚሸጠውን በስሙ እንዲጠራ ቢያስገድዱት፥ ሥራው ከባድ ሆኖ አይገኝም። ሙካሽ የተባለው የወርቅ ክር ጥልፍም ቢሆን የእጅ የሆነና የመኪና የሆነ አለና፥ ዋጋው እንደ ሥራው መለያየት ይገባዋል።

በአሠሪና በሠራተኛ መካከል የሚነሣው ክርክር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከቀብድ ይመጣል። ቀብድ ተቀብሎ የሠርጉ ዋዜማ እስኪደርስ ሥራውን ያልጀመረ ልብስ ሰፊ አለ፤ ቀሚሱን አሠርታ ቀሪውን ገንዘብ ሳትከፍል ከሠርጉ በኋላ የምትጠፋ አሠሪም አለች። ሁለቱም ወደ ዳኛ ሲቀርቡ ማስረጃ የላቸውም፤ የተነጋገሩት በቃል ነውና። የጨርቁ ዓይነት፥ ልኩ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለካበትና የሚረከቡበት ቀን፥ የተከፈለውና የቀረው ገንዘብ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለቱ ቢፈርሙበት የዳኛው ጊዜ በተረፈ ነበር። ለጥር ሠርግ የሚሆን ሸማ ከመስቀል በኋላ ሳይዘገይ ካልታዘዘ ሸማኔው ሊያደርሰው አይችልም፤ ይህን እያወቁ በገና ሰሞን መጥተው የሚጨቀጭቁት ሰዎች ግን አይጠፉም።

ስለ ወጪም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሙሽራው ወገን ጥሎሽ ይዞ ሲመጣ ቀሚሱ በሽማግሌዎች ፊት ተዘርግቶ ይታያል፤ የታየው ነገር ሁሉ ይወራል። በዚህ ምክንያት በሬውን ሸጦ ቀሚስ የሚገዛ ሰው ይገኛል፤ ክረምት ሲገባ በሬ ተከራይቶ ያርሳል። ንፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት የገባባት ከተማ ናት፤ በዚያ ጊዜ የጠፋው ንብረት ለብዙ ቤተ ሰብ ገና አልተተካም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሦስት ቀሚስ ከማብዛት አንዱን ደኅና አድርጎ በልክ ማሠራት በወጪውም ያነሰ ነው፤ ቀሚሱም ከሠርግ በኋላ ለጥምቀትና ለትንሣኤ ይለበሳል።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል ከሁሉ የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ልኩ ራሱ ነው። ልብስ ሰፊ የሙሽራይቱን ትከሻ፥ ደረት፥ ወገብና ቁመት በሜትር ሲለካ፥ ከዳኛውም ከካህኑም አስቀድሞ የልጅቱን ዕድሜ የሚያውቅ እሱ ነው። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ከልብስ ሰፊ ደጃፍ ቆማ፥ «ወንድም ዓለም፥ ወገቡን ሰፋ፥ ታቹንም ዘርፉን ረዘም አድርገህ እጠፍልኝ፤ ልጅቱ ገና አድጋ አላበቃችም» ብትለው፥ ያች ሴት የምትናገረው ስለ ጨርቅ ብቻ አይደለም። ልብስ ሰፊውም፥ «እሺ እትዬ» ብሎ ዘርፉን አጥፎ ቢሰፋው የሰፋው ነገር ቀሚስ ብቻ አይሆንም። ለምታድግ ልጅ ተብሎ ትርፍ የሚተውለት የትምህርት ቤት ልብስ ነው፤ የሙሽራ ቀሚስ ትርፍ ሊተውለት አይገባም።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ፥ በመላውም የጎንደርና የጎጃም ደጋ ሴት ልጅን በሕፃንነቷ መዳር የኖረ ልማድ እንደ ነበረ ማንም አይክደውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመትን፥ ለወንድ 18 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ይህንኑ ዕድሜ ደነገገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ላይ ዕድሜዋ ያልደረሰች ልጅ የሚያገባውን ሰው ይቀጣል፤ ልጅቱ 13 ዓመት ሆኗት ወይም አልፏት እንደ ሆነ እስከ ሦስት ዓመት፥ ከ13 ዓመት በታች እንደ ሆነች እስከ ሰባት ዓመት የሚደርስ እሥራት ያመጣበታል። ሕጉ በወረቀት ላይ የጎደለው ነገር የለም። የሚጎድለው ዕድሜዋን የሚያስረዳ ምስክር ነው፤ የልደት ወረቀት የሌላት ልጅ በአባቷ ቃል ብቻ 18 ዓመት ሞላት ትባላለችና።

ጉዳቱም ወሬ አይደለም። ዳሌዋ ገና ያልሰፋ ልጅ ምጥ ሲጸናባት ሕፃኑ ለብዙ ቀን መንገድ ላይ ይቆይና የፊኛዋን ሥጋ ያቆስለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሽንቷን መቆጣጠር ሳትችል ትቀራለች፥ ባልዋም ይተዋታል። በባሕር ዳር ያለው የሐምሊን የፊስቱላ ሕክምና ማዕከል ይህን በሽታ የሚያክም ነው። በጥሎሽ ዕለት ስለ ቀሚሷ ያማረ ወሬ የተወራላት ልጅ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ወደዚያ ሕክምና ስትሄድ የሚሸኛት ሰው ብዙ አይደለም።

ልብስ ሰፊውን ብቻውን ዳኛ ማድረግ አይገባም፤ ድኻ ነውና አልሰፋም ቢል ገበያው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን የንስሐ አባት ተክሊሉን ወይም ቡራኬውን ከመስጠቱ በፊት የክርስትናዋን ዘመን ቢጠይቅ፥ ባለሥልጣኑም የጋብቻ መዝገብ ሲከፍት ልጅቱን ራሷን ብቻዋን ጠርቶ ቢያነጋግራት፥ ልብስ ሰፊው ያየውን ሦስት ሰው ያየው ይሆናል። ጥያቄው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንዳንድ ካህን እንዲህ ያለው ነገር የመንግሥት ሥራ ነው ብሎ ይተወዋል፤ ባለሥልጣኑም የሃይማኖት ጉዳይ ነው ብሎ ይተወዋል፤ በሁለቱ መካከል ልጅቱ ቀሚሷን ለብሳ ታልፋለች።

ዕድሜዋ ደርሶ፥ ባልዋን ራሷ ወድዳ የምታገባ ሙሽራ ግን ስትለካ አካሄዷ ሌላ ነው። ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን ወይስ ወርቅማ፥ አንገቱ ክብ ይሁን ወይስ የተሰነጠቀ፥ እናቷን ትከራከራለች፤ ከሸማኔው ዘንድ ሄዳ ሸማው በዕቃው ላይ ሳለ በጣቷ ትዳስሰዋለች። ዋዜማው ሲደርስ ለመጨረሻ ጊዜ ትለብሰዋለች። ልብስ ሰፊው ለጊዜው ያዝ አድርጎ የሰፋበትን ክር እየመዘዘ ያወጣል፤ እጇን ወደ ላይ አንሥታ ብብቱ እንዳይዛት፥ ተቀምጣ ወገቡ እንዳያጠብቃት፥ ጎንበስ ብላ ለመሳለም እንዳይከለክላት ይመለከታል። ከሰሉ ካውያ ውስጥ ፍም ሆኖ ይጠብቃል። ቀሪው ሒሳብ ይቆጠራል፤ ወረቀቱ ላይ ተከፍሏል ተብሎ ይጻፋል፤ ቀሚሱም በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ በአክስቷ ክንድ ላይ ወደ ቤት ይሄዳል።